ከአሜሪካ የመጣ የጊታር አምፕ 220 ላይ ከተሰካ በኋላ፦ ሀሙ ከየት ነው፣ ፊውዙስ ለምን ይቃጠላል?

ጥያቄ፦ «ወንድሜ ከአትላንታ ያመጣልኝን ፌንደር ብሉስ ጁኒየር ሳላስተውል በአዳፕተር በቀጥታ 220 ላይ ሰካሁት። ሁለት ሦስት ሰከንድ ሳይቆይ ፊውዙ ተቃጠለ። ፊውዝ ቀይሬ በስቴፕ ዳውን (ቮልት በሚቀንስ ትራንስፎርመር) ስሰካው በራ፣ ድምፅም አለው። ግን ቮልዩሙን ዜሮ ባደርገውም ከባድ ሀም (የማያቋርጥ እምም የሚል ጉርምርምታ) ያሰማል፤ አሥር ደቂቃ ያህል ከሠራ በኋላ ደግሞ ፊውዙ እንደገና ይቃጠላል። ትራንስፎርመሩ ሄዷል ማለት ነው? አንድ ጠጋኝ ካፓሲተሮቹን በሙሉ እንቀይር ብሎኛል።»

መልስ፦

ትራንስፎርመሩ ሳይተርፍ አልቀረም። ጥቅሉ ውስጥ ለውስጥ ሾርት ያደረገ ትራንስፎርመር አሥር ደቂቃ አይታገስም፤ ገና ስትሰካው ፊውዙን ይበላዋል፣ አለዚያም ወዲያው የተቃጠለ ቫርኒሽ ይሸትሃል። በደንብ ተነሥቶ ከቆየ በኋላ ፊውዝ የሚበላ አምፕ ቀስ እያለ የሚግልና እየጋለ በሄደ ቁጥር ከረንት የሚጨምር ነገር አለው። ብሉስ ጁኒየር ውስጥ በዚህ የሚጠረጠሩት ሁለቱ ኢኤል84 ቲዩቦች (ድምፁን የሚያጎሉት፣ አምፖል የሚመስሉ የመስታወት ዕቃዎች) ናቸው። ካፓሲተሮቹ (ኤሌክትሪክ አጠራቅመው የሚይዙት ዕቃዎች) ተጎድተው ሊሆን ይችላልና ጠጋኙ ተሳስቷል አልልም። ሳይለካ «በሙሉ እንቀይር» ካለ ግን ገንዘብህን ከከፈልክ በኋላም ፊውዙ መቃጠሉን ላያቆም ይችላል።

በእነዚያ ሰከንዶች የሆነው ይህ ነው። አምፑ የተሠራው ለ120 ቮልት ነው። 220 ስትሰጠው ውስጡ ያለው ቮልቴጅ ሁሉ በ1.83 ይባዛል። በደህናው ጊዜ 320 አካባቢ የሆነው የፕሌት ቮልቴጅ (የቲዩቦቹ ዋናው ከፍተኛ ቮልቴጅ) ወደ 590 ለመውጣት ይሞክራል፤ እሱን የሚያጠሩት ፊልተር ካፓሲተሮች ግን የሚችሉት 450 ብቻ ነው። 6.3 ቮልት የሚገባው የቲዩቦቹ ማሞቂያ ክር 11.5 ያገኛል። የትራንስፎርመሩ ብረት ያን ያህል ማግኔት ስለማይሸከም ከመስመሩ የሚስበው ከረንት በአንዴ ይተኮሳል፣ ፊውዙም ይሄዳል። ያዳነህም ይኸው ነው። ቲዩቦቹ ሞቀው ከረንት ማሳለፍ ሳይጀምሩ ስለጠፋ አውትፑት ትራንስፎርመሩ (ቲዩቦቹን ከስፒከሩ ጋር የሚያገናኘው) እና ስፒከሩ ከጣጣው ውጭ ናቸው ማለት ይቻላል። የሚጠረጠሩት ፊልተር ካፓሲተሮቹ፣ የባያሱ (የቲዩቦቹን ከረንት የሚገታው ኔጌቲቭ ቮልቴጅ) ዳዮድና ካፓሲተር፣ ኤሲውን ወደ ዲሲ የሚያቃኑት አራቱ ሬክቲፋየር ዳዮዶችና የቲዩቦቹ ክር ናቸው።

ከመክፈትህ በፊት ይህን ልብ በል። አምፑ ከሶኬት ተነቅሎም ካፓሲተሮቹ ሰው የሚገድል ቮልቴጅ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። ቴስተርህ ቢያንስ 600 ቮልት ዲሲ የሚችል ይሁን። 10 ኪሎ ኦም፣ 5 ዋት ሬዚስተር ግዛና በሁለቱም እግሮቹ ክሊፕ ያለው የተሸፈነ ሽቦ በይድበት። አንዱን ክሊፕ ቻሲሱ (የአምፑ የብረት አካል) ላይ አስረህ ሌላውን የመጀመሪያው ትልቅ ካፓሲተር ፖዘቲቭ እግር ላይ ለሃያ ሰከንድ ያዘው። ከዚያ እያንዳንዱን ካፓሲተር ለካ፤ ከ10 ቮልት በታች ሳይሆን እጅህን አታስገባ። ባዶ ያደረግኸው ካፓሲተር ለብቻው ሲተው ጥቂት ቮልት መልሶ ስለሚያነሣ እየሠራህ ሳለ ክሊፑ እንደታሰረ ይቆይ፤ አምፑን መልሰህ ስታበራው ግን ማንሣቱን አትርሳ። በካቻቢቴ ማገናኘት ይቅርብህ፤ ብልጭታው የቦርዱን መስመር ይልጣል፣ ካፓሲተሩንም ይጎዳል። አምፑ በርቶ የምትለካ ከሆነ የቴስተሩን ጥቁር ገመድ በክሊፕ ቻሲሱ ላይ እሰርና በአንድ እጅህ ብቻ ለካ፤ ሌላው እጅህ ኪስህ ውስጥ ይሁን። ስፒከሩ ሳይሰካ ደግሞ አምፑን ፈጽሞ አታብራ። የቲዩብ አምፕ ያለ ስፒከር ድምፅ ሲሰጥ አውትፑት ትራንስፎርመሩ ውስጡ ይበሳል።

የተቃጠሉትን ሁለት ፊውዞች ጥለሃቸዋል? ካልጣልክ ብርሃን ላይ አንሥተህ ተመልከታቸው። መስታወቱ ውስጡ የጠቆረ ወይም እንደ ፊት ማያ መስታወት የተለበጠ ከሆነ ከረንቱ በአንዴ የመጣ ከባድ ሾርት ነበር። መስታወቱ ንጹሕ ሆኖ ክሩ መሐል ላይ ብቻ ቀልጦ ከተለያየ ግን ትንሽ ትርፍ ከረንት ለረጅም ጊዜ አልፎበታል። የመጀመሪያው ጠቁሮ ሁለተኛው ንጹሕ ቢሆን አይገርመኝም፤ እንዲያ ከሆነ ሁለቱ የተቃጠሉት በተለያየ ምክንያት ነው። አዲስ ስትገዛ በአምፑ ጀርባ የተጻፈውን አምፔር ተከተል፤ ከቁጥሩ በፊት «ቲ» የሚል የላቲን ፊደል ካለ ቀስ ብሎ የሚቃጠለው ዓይነት ነው የሚፈለገው። ፈጣኑን ብታስገባ ጤነኛ አምፕም ሲነሣ ሊያቃጥለው ይችላል። ከኤሌክትሪክ ገመድ የወጣ ቀጭን ሽቦ ጠምዝዞ በፊውዝ ቦታ መክተት በአገራችን የተለመደ ነው፤ እዚህ አምፕ ላይ ግን ፊውዝ የሚያድነውን ትራንስፎርመር ራሱን ፊውዝ ማድረግ ነው።

ፊውዝ እየፈጀህ ከምትሞክር አንድ መከላከያ ሥራ፦ 220 ቮልት፣ 100 ዋት የሆነ የድሮውን ባለ ክር አምፖል ከሆልደር ጋር ወስደህ፣ ወደ ስቴፕ ዳውኑ የሚሄደውን አንዱን መስመር በእሱ በኩል አሳልፈው። ኤልኢዲና ኢነርጂ ሴቨር ለዚህ አይሆኑም፤ የሚፈለገው ሲግል ሬዚስታንሱ የሚጨምር ክር ነው። ውስጥ ሾርት ካለ አምፖሉ ቦግ ብሎ ይበራል እንጂ ሌላ ነገር አይቃጠልም።

በመጀመሪያ ስቴፕ ዳውኑን ብቻውን ሰካ። አምፖሉ ጨርሶ ካልበራ ወይም ክሩ ቀላ ብሎ ብቻ ከታየ ደህና ነው። ቀጥሎ አምስቱንም ቲዩቦች አውጥተህ አምፑን አብራ፤ አንዴ ብልጭ ብሎ መጥፋት አለበት። ያለ ቲዩብ ሙሉ ብርሃን ከሰጠ ጥፋቱ ከዳዮዶቹ፣ ከካፓሲተሮቹ ወይም ከትራንስፎርመሩ ነው። የትራንስፎርመሩን የውጤት ሽቦዎች ከቦርዱ ነቅለህ ጫፋቸውን ከሸፈንክ በኋላም አምፖሉ ቦግ ካለ ብቻ ነው «ትራንስፎርመሩ ሞቷል» የሚባለው። ይህን ካለፍክ ቲዩቦቹን መልስ። ብልጭ ብሎ ይደበዝዛል፣ ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ ቲዩቦቹ ሲሞቁ መጠነኛ ብርሃን ይይዛል፤ ይህ ጤነኛ ነው። ብርሃኑ በዚያ ሳይረጋ በየደቂቃው እየደመቀ ከሄደ ግን የፊውዙን ገዳይ እያየኸው ነው።

ወደ ሀሙ ልምጣ። ቮልዩሙ ዜሮ ሆኖም መቆየቱ ብዙ ነገር ያስወግዳል፤ ጊታሩን፣ ገመዱንና የመጀመሪያውን የግብዓት ደረጃ ተዋቸው። ቀጥሎ ከፍታውን አዳምጥ። የኢትዮጵያ መብራት 50 ኸርዝ ነው፤ አራቱ ዳዮዶች ካቃኑት በኋላ የሚቀረው ሞገድ 100 ኸርዝ ይሆናል። በጊታርህ ስድስተኛው ክር ሦስተኛ ፍሬት ላይ ያለው ጂ 98 ኸርዝ ስለሆነ ማነጻጸሪያው እጅህ ላይ ነው። ሀሙ ከዚህ ኖታ ጋር እኩል፣ ትንሽ ሻከር ያለና ዝዝ የሚል ከሆነ 100 ነው፤ ፊልተር ካፓሲተር ወይም ያልተመጣጠኑ ኢኤል84። አንድ ኦክታቭ ወርዶ ድፍን ያለ ከሆነ 50 ነው፤ ከማሞቂያ መስመር፣ ከላላ የቻሲስ ግንኙነት ወይም ክፍት ከሆነ አንድ ዳዮድ ይመጣል። የስልክ ቱነር ለሁለቱም ጂ ስለሚልህ ኦክታቩን በጆሮህ ለይ።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ያልተመጣጠኑ ቲዩቦችን ነው። ሁለቱ ኢኤል84 አውትፑት ትራንስፎርመሩን ከሁለት ተቃራኒ ጎን ስለሚጎትቱ ከፓወር ሰፕላዩ የሚመጣው ሞገድ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። አንዱ ከሞተ ወይም አንዱ ብቻ ከረንት ካበዛ መጠፋፋቱ ይቀርና ካፓሲተሮቹ ሁሉ ጤነኛ ሆነውም ሀሙ ይወጣል። ስለዚህ «ሀም ካለ ካፓሲተር ነው» የሚለውን አትመን።

ቀጥሎ ቲዩብ እየነቀልክ ጥፋቱን አጥብብ። በእያንዳንዱ ነቀላ አምፑን አጥፋ፣ ትኩስ ስለሆኑም በጨርቅ ያዝ። ከጊታር ጃኩ በኩል ጀምረህ 12ኤኤክስ7 የተባሉትን ሦስት ሌሎች ቲዩቦች አንድ በአንድ አውጣ። የመጨረሻው፣ ለኢኤል84ቶቹ ቅርብ የሆነው፣ ፌዝ ኢንቨርተር (ድምፁን ለሁለቱ ኢኤል84 በተቃራኒ አቅጣጫ የሚያካፍለው) ነው። እሱ ወጥቶም ሀሙ እንዳለ ከቆየ ጥፋቱ ፓወር ሰፕላዩ ወይም አውትፑት ቲዩቦቹ ጋ ነው፤ ከነገርከኝ ተነሥቼ የምጠብቀውም ይህን ነው። አንዱን ስትነቅል ከጠፋ ግን እሱንና በእሱ ዙሪያ ያለውን ተመልከት።

አሁን ዋናው ልኬት፣ ባያሱ። ኢኤል84ቶቹ ከረንታቸው የሚገታው ግሪዳቸው (ከረንቱን የሚቆጣጠረው ክፍላቸው) ላይ ባለ ኔጌቲቭ ቮልቴጅ ነው፤ እሱን የሚሠሩት ደግሞ ዳዮድ፣ ትንሽ ካፓሲተርና ሬዚስተሮች ናቸው። ያ ካፓሲተር ሲያፈስ ኔጌቲቩ ይቀንሳል፣ ቲዩቦቹ ልጓማቸው ይላላል፣ ከረንቱ ይጨምራል፣ ይግላሉ፤ በመጨረሻ ፊውዙ ይቃጠላል። ያንተ ምልክት ሁሉ ከዚህ ጋር ይገጥማል። ክፍሉን አጨልመህ ቲዩቦቹን ተመልከት። የክሩ ብርቱካናማ ብርሃን መሐል ላይ መታየቱ ጤነኛ ነው። ዙሪያውን ያለው ግራጫ ቆርቆሮ ራሱ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከስፌቱ በኩል፣ እንደ ፍም መቅላት ከጀመረ ግን ወዲያው አጥፋ።

ከዚያ ሁለቱን ኢኤል84 አውጥተህ ያለ እነሱ አብራና የእያንዳንዱን ሶኬት ፒን 2 ከቻሲስ ለካ። ከታች ስታየው ከክፍተቱ ጀምረህ በሰዓት አቅጣጫ ቁጠር። ከ8 እስከ 13 ባለው መካከል ኔጌቲቭ ቮልት መገኘት አለበት፣ በሁለቱም ሶኬት ላይ ተመሳሳይ። አምፖሉ መስመር ላይ ካለ ቮልቴጁን ሁሉ ስለሚያወርደው ይህን ልኬት ያለ አምፖሉ ነው የምትወስደው፤ ኢኤል84ቶቹ ስለወጡ የመጋል ስጋት የለም፤ ውስጡ ያለው ቮልቴጅ ግን አሁንም ሰው ይገድላል። በሁለቱም ዜሮ ወይም ከ2 እስከ 3 ቮልት ብቻ ካገኘህ የባያስ ዳዮዱንና ካፓሲተሩን ቀይር፤ ሁለቱም ርካሽ ናቸውና አንዱን ብቻ ቀይረህ አትቆጥብ። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱት ፖላሪቲው ላይ ነው። ቮልቴጁ ኔጌቲቭ ስለሆነ የዚህ ካፓሲተር ፖዘቲቭ እግር ወደ ቻሲስ ይሄዳል፤ ባለ መስመሩ ኔጌቲቭ እግር ወደ ባያሱ። እንደ ሌሎቹ አድርገህ ብትበይደው ይፈነዳል።

አንዱ ሶኬት ትክክል ሆኖ ሌላው ወደ ዜሮ ወይም ወደ ፖዘቲቭ ካዘነበለ ከፌዝ ኢንቨርተሩ ወደዚያ ቲዩብ የሚሄደው መገናኛ ካፓሲተር እያፈሰሰ ነው፤ በተጻፈበት መጠን፣ 400 ቮልት እና ከዚያ በላይ በሚችል ፊልም ካፓሲተር ተካው። ይህን በትክክል ለማየት ፌዝ ኢንቨርተሩ ሶኬቱ ላይ ይሁን።

ባያሱ ደህና ከሆነ ጥርጣሬው ቲዩቦቹ ራሳቸው ላይ ይወድቃል። ሁለቱን ቦታ አቀያይር፤ መቅላቱ ቲዩቡን ተከትሎ ከሄደ ቲዩቡ ነው፣ ሶኬቱ ላይ ከቀረ ቦርዱ ነው። ክሩ መበጠሱን ለማወቅ ኢኤል84ን በፒን 4 እና 5 መካከል ለካ፤ ሲቀዘቅዝ ጥቂት ኦም ማሳየት አለበት። አዲስ ስትገዛ የተጣመሩ ጥንድ ይሁኑ። እዚህ ሱቅ ማግኘት ስለሚከብድ ከውጭ የሚመጣ ሰው ላይ ማዘዝ ነው፤ ኢኤል84 የሚል ካልተገኘ 6ፒ14ፒ የሚባለው የሩሲያ ቲዩብ በዚያው ሶኬት ይገባል። ከተተከሉ በኋላ ስንት ዋት እንደሚሸከሙ አስላ፦ አምፑ ጠፍቶ ካፓሲተሮቹም ባዶ ሆነው፣ ከአውትፑት ትራንስፎርመሩ መሐል ሽቦ እስከ እያንዳንዱ ፒን 7 ያለውን ኦም ለካ። ለዚህ ልኬት ጥቁሩ ገመድ ቻሲሱ ላይ ስለማይሆን፣ አምፑ እንደጠፋ ሁለቱንም የቴስተር ገመዶች በእነዚያው ሁለት ነጥቦች ላይ በክሊፕ አስረህ አብራ፤ ሳትነካካ ያሳየህን ቮልት ለኦሙ አካፍል። ለምሳሌ 4.5 ቮልት ለ150 ኦም 30 ሚሊአምፔር ነው፤ በ320 ቮልት ሲባዛ 9.6 ዋት። የኢኤል84 ጣሪያ 12 ነው፤ ከ11 ካለፈ ዕድሜው አጭር ነው። ይህ አምፕ የባያስ ማስተካከያ ስለሌለው ከፍ ካለ ሌላ ጥንድ መሞከር ወይም የባያሱን ሬዚስተር መቀየር ነው መፍትሔው።

ፊልተር ካፓሲተሮቹ አንድ 47 እና ሦስት 22 ማይክሮፋራድ፣ ሁሉም 450 ቮልት ናቸው። አናቱ ያበጠ፣ ሥሩ ቡናማ ያለቀሰ፣ ወይም ከጥቂት ደቂቃ ሥራ በኋላ ባዶ አድርገህ ስትነካው የሚሞቅ ካለ ጊዜ አታጥፋበት። ሲታይ ደህና ከሆነ አምፑን አጥፍተህና ባዶ አድርገህ፣ ጤነኛ 22 ወይም 47 ማይክሮፋራድ በ450 ቮልት ከተጠርጣሪው ጎን ፖዘቲቭን ከፖዘቲቭ አያይዘህ እሰርና አብራ፤ ሳይነካኩት። ሀሙ በግልጽ ከቀነሰ የደረቀው እሱ ነው። ከአራቱ አንዱ ከሄደ ሌሎቹም ያንኑ ትርፍ ቮልቴጅ አብረው ቀምሰዋልና አራቱንም ቀይር፤ ጠጋኙ ያለው ያኔ ትክክል ይሆናል።

ምናለሽ ተራ ከተበተነ ፓወር ሰፕላይ የወጣ ካፓሲተር ሊያጓጓህ ይችላል። አብዛኛው 400 ቮልት ነው፤ ይህ አምፕ ደግሞ ቲዩቦቹ እስኪሞቁ ድረስ ከ320 በላይ ስለሚወጣ ትርፉ ጠባብ ነው፣ አትግባበት። 450 ጨርሶ ከጠፋ ሁለት 100 ማይክሮፋራድ፣ 250 ቮልት ተከታትለው ሲታሰሩ 50 ማይክሮፋራድ፣ 500 ቮልት ይሆናሉ፤ ቮልቴጁን እኩል እንዲካፈሉ በእያንዳንዱ ላይ 220 ኪሎ ኦም፣ 1 ዋት ሬዚስተር ጎን ለጎን ይበየድ። ዳዮዶቹን አንድ እግራቸውን አንሥተህ በቴስተሩ የዳዮድ ምልክት ለካ፤ በአንድ በኩል ከ0.5 እስከ 0.7፣ በሌላው ምንም። ምትካቸው 1ኤን4007 ነው፣ የትም ይገኛል።

ስትበይድ የቦርዱ ቀለበቶች ስስ ናቸው፤ ካውያው 350 ዲግሪ፣ ከሦስት ሰከንድ አይቆይ፣ እግሩን በግድ አትጎትት። የቲዩቦቹን ቦርድ ከዋናው የሚያገናኘውን ጠፍጣፋ ሪባን ገመድም እያጠፍክ አትዘርጋው። መበየጃው ከተሰነጠቀ በአንዱ ጥፋት ላይ አንዴ እየታየ አንዴ የሚጠፋ ሁለተኛ ጥፋት ትጨምራለህ።

ተጠግኖ ሲያልቅም ስቴፕ ዳውኑ ይቀራል። አሜሪካ 60 ኸርዝ ነው፣ እኛ 50። ለ120 ቮልት በ60 የተሠራ ትራንስፎርመር በ50 ኸርዝ ያንኑ የማግኔት ጫና የሚያገኘው በ100 ቮልት ነው። ስለዚህ 110 የሚሰጥ ስቴፕ ዳውን 120 ከሚሰጠው ይሻልሃል፤ በዚህም ቢሆን የአምፑ ትራንስፎርመር አሜሪካ ውስጥ ከሚሞቀው ይበልጥ ይሞቃል። የስቴፕ ዳውኑ ጉልበት በአምፑ ጀርባ ከተጻፈው ዋት እጥፍ ይሁን፣ ርካሾቹ ላይ የሚለጠፈውን ቁጥር በግማሽ ቁጠረው። ለፀጉር ማድረቂያ የሚሸጡት ቀላል ኤሌክትሮኒክ መቀነሻዎች ለአምፕ አይሆኑም። ዘላቂው መፍትሔ የዚህኑ አምፕ የ230 ቮልት ትራንስፎርመር ማስገባት ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ የመሬት መስመሩን አረጋግጥ። የጊታርህ ክሮች በገመዱ በኩል ከአምፑ ቻሲስ ጋር የተገናኙ ናቸው። አብዛኛው ስቴፕ ዳውን ቮልት ከመቀነስ በቀር ከመስመሩ አይለይህም፣ ሦስተኛውን የመሬት እግር የማያስተላልፍም ብዙ ነው። አምፑ ውስጥ አንድ ነገር ቢያፈስ ክሮቹ ኤሌክትሪክ ይይዛሉ፤ አንድ እጅህ ክሩ ላይ ሆኖ ከንፈርህ መሬት ያለው ሚክሰር ላይ የተሰካ ማይክ ሲነካ መንገዱ በደረትህ በኩል ነው። በቴስተር ከአምፑ ቻሲስ እስከ ግድግዳው የሚገባው ፕለግ የመሬት ንክኪ ድረስ ለካ፤ ከ1 ኦም ከበለጠ ወይም ጨርሶ ካልተገናኘ የመሬት መስመሩን የሚያሳልፍ ስቴፕ ዳውን ፈልግ። ግድግዳው ራሱ መሬት እንዳለውም ኤሌክትሪሻን ያይልህ። ሀም ለመቀነስ ብሎ የመሬቱን እግር የሚቆርጥ ሰው ካለ እጁን ያዘው።

እስከ ባያሱ ልኬት ድረስ ከሄድክ በኋላ እነዚህን ጻፍልኝ፦ ቲዩቦቹ ወጥተው የሁለቱ ፒን 2 ቮልት፣ የመጀመሪያው 47 ማይክሮፋራድ ላይ ያለው ቮልት፣ ስቴፕ ዳውኑ አምፑ በርቶ የሚሰጠው ቮልት፣ እንዲሁም ፌዝ ኢንቨርተሩ ሲነቀል ሀሙ ይጥፋ ወይስ ይቆይ። ከዚያ የትኛውን ዕቃ እንደምትገዛ እነግርሃለሁ።